እህቴ ቀና የምትልበት ባንክ

ታላቅ እህቴ ቢቸና ባንክ ቤት መስኮት ላይ ስትሠራ፣ የገበያ ቀን ከሆነ አንገቷን ቀና አታደርግም ነበር። ይህን ያወቅሁት ከትምህርት ቤት ስመለስ የቤት ቁልፍ ልቀበላት እየገባሁ ነው። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «ቀና ባልኩ ቁጥር አንድ አጎት ይመጣል» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዘመድ ሁሉ ሰልፉን እያለፈ «ልጄ፣ እኔን ቶሎ ሸኚኝ» ይላታል፤ ከኋላ የቆመው ደግሞ «ባንኩ የእናንተ ቤት ነው እንዴ?» እያለ ያጉረመርማል። ከሥራ ስትገባ ራሷን በሻሽ ጠፍራ ትተኛለች።

አንድ ቀን አባታችን እንደማንኛውም ሰው ተሰልፈው ተራቸው ደረሰ። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እህቴ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ «መታወቂያዎን» አለቻቸው። በሁለት እጃቸው ሰጧት። ስሙን ስታነብ ደንግጣ ብድግ አለች። እሳቸው ግን «ሥራሽን ሥሪ» ብቻ አሉ።

ብዙም ሳይቆይ ዝውውር ጠይቃ ሞጣ ሄደች። አባቴ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለእረፍት ስመለስ ግን፣ «እስቲ ሞጣ ሄደሽ እያት» አሉኝ። መናኸሪያ ድረስ ሸኝተውኝም፣ «እዚያም ሰው ቀና ብላ የማታይ እንደሆነ ልብ በይልኝ» አሉ።

ሞጣ ባንኩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት። ወደ መስኮቱ የቀረበውን ሁሉ ቀና ብላ ታያለች። አንድ የማታውቃቸውን ሽማግሌ እንዲያውም «አባቴ፣ እንዴት ዋሉ?» ብላ ፈገግ አለችላቸው። ደስ ሊለኝ ሲገባ አባታችን መታወቂያቸውን በሁለት እጃቸው ሲሰጧት ታየኝ።

ምሳ ስንበላ ጠየቅኋት። «እዚህ ማንም ዘመዴ አይደለም፤ ያለተራው ሸኚኝ የሚለኝ የለም» አለች። እንጀራዋን እየቆረሰች፣ «አባባ ተቀይመውኛል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንጃ» አልኳት። በእርግጥም አላውቅም ነበር።

ክፍል ውስጥ የተማርነው፣ ሥራ የከበደበት ሰው የሚያርፍበትን መንገድ ይፈልጋል የሚል ነው። እህቴ ያረፈችው ግን ከሥራው ነው ወይስ ከእኛ? ስመለስ እስከ ቢቸና ድረስ ባስበው አልለይልኝ አለ።

አባቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። «እሺ?» አሉኝ።

«እዚያም ቀና አትልም፣ አባባ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። በረጅሙ ተነፈሱ። «እንግዲያማ ከሥራው ነዋ፤ ከእኛ አይደለም» አሉ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። «በይ አሁኑኑ ደውይላት፤ ለበዓል ትምጣ።»

አጠገቤ እንደቆሙ ደወልኩ። እህቴ ገና ስታነሳው፣ «ምን አልሻቸው?» አለችኝ።