እምቢዬና የቀኙ ክዳን

በእኛ ሰፈር የማይነቃነቅ ነገር ቢኖር ስህተት ብቻ ነው። አጥሩ ይነቃነቃል፣ የቧንቧው አንገት ይነቃነቃል፣ የትልልቅ ሰዎች ቃልማ ነፋስም አያስፈልገውም። ስህተት ግን አንዴ ከተተከለ ወዲያ ሥር ይሰዳል፤ አባት ለልጅ ያወርሰዋል፣ ልጅም «የአባቴ ነው» ብሎ ይኮራበታል። ከእነዚህ ስህተቶች አንዱን በገዛ እጇ የነቀለችው እምቢዬ ናት።

እምቢዬ ዳቦ አመላላሽ ናት። የዳቦ ቅርጫቷን ከብስክሌቷ ኋላ አስራ፣ ሰው ፊቱን ሳይታጠብ ሱቆቹን ታዳርሳለች። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። በልጅነቷ «ነይ» ሲሏት «እምቢ»፣ «እሺ አትምጪ» ሲሏትም «እምቢ» ትል ነበር አሉ። ስታድግ ይተዋታል ተብሎ ተጠበቀ። አልተዋትም፤ ምክንያት ብቻ ጨመረችበት።

የዳቦ ቤቱ አለቃ በበኩሉ አዲስ ነገር ወዳጅ ነው፤ በተለይ ስብሰባ። አንድ ቀን አመላላሾቹን ሰብስቦ «ዘመናዊ አሠራር»፣ «ደኅንነት»፣ «የጋራ ጥቅም» የሚሉ ቃላትን ሲነሰንስ ቆየና፣ ሁሉም ማዛጋት ሲጀምር ከቃላቱ ሥር ቢላውን አወጣ። ሰኞ ጠዋት የሁሉም ብስክሌት ይመረመራል፤ ብስክሌቱ የሚነቃነቅበት ሰው ማሸጊያ ክፍል ይገባል። ማሸጊያ ክፍል ማለት ከምድጃው ጀርባ ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ናት። ሰው እዚያ ቁጭ ብሎ ጣቱ ላይ ከሚጣበቅ ፕላስቲክ ጋር ሲታገል ይውላል። ገብቶ ወደ መንገድ የተመለሰ አልታየም። በሩ የተሠራው ለመግቢያ ብቻ ነው።

ያኔ ዓይን ሁሉ ወደ እምቢዬ ዞረ። የሷን ብስክሌት የማያውቅ የለም። ፔዳሉን በረገጠች ቁጥር ከመሃሉ «ቀጭ» ይላል፤ የፔዳሉ ክንዶች እንደ ወተት ጥርስ ወዲያና ወዲህ ይላወሳሉ።

ከስብሰባው ወጥታ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሽብልቅ ሄደች። ጋሼ ሽብልቅ የታላቅ እህቷ ባልና የመንገዱ ብቸኛ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። የላላ ነገር ሲያይ ከቲማቲም ጣሳ ላይ ቆርቆሮ ይቆርጣል፣ ይሸጉጣል፣ በመዶሻ ይደበድባል። ጠረጴዛ ቢነቃነቅ ቆርቆሮ፣ በር ቢነቃነቅ ቆርቆሮ፤ ትዳሩ ሲነቃነቅ ምን እንደሚሸጉጥበት እህቷ ትወቀው። ለብስክሌት ሲሆን ቆርቆሮዋ በፔዳሉ ክንድና በመሃሉ ዘንግ መካከል ትገባለች። ለጥቂት ቀን ጸጥ ይላል፣ ከዚያ «ቀጭ» ይመለሳል፣ ባለብስክሌቱም ይመለሳል። ሰፈሩ ይህን ጥገና ይለዋል። ትክክለኛ ስሙ ቀጠሮ ነው።

ጋሼ ሽብልቅ ብስክሌቷን ገና ከሩቅ ሲያይ መቀሱን አነሣ። እምቢዬ ግን አላስነካችም። ሁለቱን ክንዶች በሁለት እጇ ጨብጣ ወዘወዘቻቸው።

«አየህ ጋሼ? ሁለቱም አብረው ነው የሚሄዱት። ክንዱ ቢሆን የላላው፣ አንዱ ብቻ ነበር የሚነቃነቀው። ሕመሙ ውስጥ ነው፣ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ጋ።»

«ኩሽኔታውንማ በመጣሽ ቁጥር የማጠብቅልሽ እኔ አይደለሁ እንዴ? ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ይላላል፤ አለቀ። አሁን ቆርቆሮዋን ላስገባና ሂጂ፣ ሰኞን ታሻግርሻለች።»

«ማክሰኞንስ?»

«ማክሰኞ ትመጫለሻ።»

«እምቢ።»

ቁልፎቹንና የክንድ መንቀያውን አውሺኝ ያለችው እዚያው የነበረችውን እህቷን ነው። እህቷም ባሏን ሳታይ፣ ባሏም እንዳላየ ሆኖ፣ ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ጋሼ ሽብልቅ ከኋላዋ ሳቀባት። «ፈታትተሽ መግጠም ሲያቅትሽ በከረጢት አምጪው» አላት።

ቤት ገብታ ካርቶን ዘርግታ ብስክሌቷን ገለበጠችው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ እናቷ ከአልጋው ጫፍ ሆነው ሁሉንም ያያሉ፣ ባዩት ላይ ሁሉ አስተያየት አላቸው።

«ማሸጊያ ክፍልኮ ጥላ አለው፣ ልጄ። ዝናብ የለ፣ የሚያባርር ውሻ የለ። ቁጭ ብሎ መብላትን ማን ጠላ?»

«ቁጭ የሚለው ዕቃ ነው፣ እማዬ።»

ሁለቱን ክንዶች በመንቀያው ስትስብ የጋሼ ሽብልቅ ቆርቆሮዎች ተራ በተራ ረገፉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው፣ ቲማቲሙ ገና ከነቀይ ቀለሙ። ሰብስባ ወደ ከረጢት ከተተቻቸው። ከዚያ በግራ በኩል ያለውን ማሰሪያ ቀለበትና ክዳን ፈትታ ዘንጉን አወጣች። ግራሶው ጭቃ ሆኗል። ትንንሾቹ የብረት ኳሶች ፊታቸው ተቦርቡሯል። ሁሉንም አጥባ፣ የተበላሹትን ጥላ፣ በአዲስ ተካች። የቀረው በቀኝ በኩል ያለው ክዳን ነበር፤ እሱ ከብስክሌቱ አካል ጋር ጥርስ ነክሶ መቆም ያለበት ነው። በጣቷ ስትነካው ዞረ። በጣት!

ቁልፍ አስገብታ ወደ ቀኝ አጠበቀችው። ባሰበት። ደግማ ስታጠብቀው ጭራሽ ወጥቶ እጇ ላይ ቀረ።

እናቷ አንገታቸውን አስግገው፣ «በደንብ ወደ ቀኝ አዙሪው እንጂ። ጋሼሽ ወደ ቀኝ ነው ብሎሽ የለ?» አሏት።

«እሱ ካለማ» አለችና መልሳ ገጥማ ወደ ግራ አዞረችው።

ነከሰ። በዞረ ቁጥር እየጠለቀ ሄደ፤ ብረቱ ሲጥ እስኪል አጠበቀችው። በዚህ ዓይነት ብስክሌት የቀኙ ክዳን ጥርስ የተቆረጠው በግልባጭ ነው፤ በመንዳት ብዛት ራሱ እንዳይፈታ። ስለዚህ ጋሼ ሽብልቅ እነዚያን ዓመታት ሁሉ «አጠበቅኩ» ሲል ሲያላላ ኖሯል፤ ያላላውንም በቆርቆሮ ሲሸፍን። እንዲህ ያለውን አሠራር ከጠጋኝ ቤት ውጭም፣ ማኅተም ባለበት ቢሮ ሁሉ እናውቀዋለን። ልዩነቱ እሱ ቢያንስ እጁ ይቆሽሻል።

ዘንጉን በአዲስ ግራሶ መልሳ የግራውን ክዳን ስትገጥም እምቢዬም የራሷን ስህተት ሠራች። እልኋን ሁሉ ቁልፉ ላይ አሳረፈችው። ዘንጉ ደረቀ፤ ብታዞረው ንቅንቅ የለም። እናቷ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«እሰይ! አንቺን የመሰለ ወለድሽ።»

እሷም ሳትወድ ሳቀች። ክዳኑን በጣም በጥቂቱ መለስ አደረገችው፤ በሕይወቷ ሙሉ መለስ ስትል የታየችው ያኔ ብቻ ነው። አንዱ ቁልፍ ክዳኑን እንደያዘ በሌላው ማሰሪያውን ቆለፈች። ዘንጉ ያለ ድምፅ ዞረ። ክንዶቹን ያለ ምንም ቆርቆሮ ገጥማ ወዘወዘች። ወይ ፍንክች።

ሰኞ አለቃው መሐረቡን እጁ ላይ ጠቅልሎ ሰልፉን ይፈትሽ ጀመር። እምቢዬ ጋ ሲደርስ ፍርዱን አፉ ላይ አዘጋጅቶ ነው። ክንዱን ይዞ ወዘወዘ። መሐረቡን ጥሎ በሁለት እጁ ሞከረ። በእግሩም ገፋው። ብስክሌቱ ከነሙሉ አካሉ ተንቀሳቀሰ እንጂ ክንዱ የራሱ ንቅናቄ አልነበረውም። አለቃው ዙሪያውን ዞረ፤ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቀና ብሎ አየ፣ በመጨረሻ ፊቱ በራ።

«ደወል የለውም» አለ።

«ደወሉ እኔ ነኝ» አለችና እዚያው ቆማ «ዳቦ!» ስትል ከማዶ ካለው ፎቅ መስኮቶች ተከፈቱ፤ አንድ ሰውዬም ከነሳሙና አረፋው ብቅ አለ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። አለቃው ምርመራው እንዳላለቀ ሊያስረዳ ጣቱን አነሣ።

«ዳቦው እየቀዘቀዘ ነው፣ አለቃ» ብላ ፔዳሉን ረገጠች።

«ቀጭ» የሚል አልተሰማም። በጋሼ ሽብልቅ ደጃፍ ስታልፍ እሱ የአንዱን ሰው ብስክሌት ገልብጦ መቀሱን ይዟል። ሳትቆም ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችለት፤ ቆርቆሮዎቹ ተንሿሹ።

«በከረጢት አምጪው ብለኸኝ አልነበር፣ ጋሼ?»