ቪላስ ግብር ቢሮ የደወለ ዕለት

ባለቤቴ ቪላስ ዕድሜውን ሙሉ በግብር ሲያማርር ኖረ፤ ዕድሜውን ሙሉም አንዲት ክሮነር ሳይደብቅ ከፈለ። ሁለቱን እንዴት አንድ ላይ እንደሚያስኬዳቸው ለልጃችን አይገባትም ነበር። እኔ ለምጄዋለሁ። ገንዘብ በእጁ በገባ ቁጥር ወጥ ቤት ተቀምጦ ዓሣውን በጥቁር ዳቦ ላይ እያጋደመ፣ «ዛሬም እስከ ምሳ ለመንግሥት ሠራሁ። ከምሳ በኋላ በተረፈኝ ልገዛ ሱቅ ስሄድ ደግሞ እዚያም ቆሞ ይጠብቀኛል» ይላል። የዕቃ መጫኛ መኪናችንን ሲገዛ ቀረጧ ከዋጋዋ በለጠ። «ሦስት መኪና ገዝቼ አንዷን እነዳለሁ» እያለ እስክትዝግ ነዳት። ከዛገችም በኋላ ራሱ እየጠጋገነ ነዳት፤ ሌላ መግዛት አይታሰብም።

አናጺ ነበር። ሙያውን ከአባቱ ተማረ፣ ከአባቱ ቤት ሳይወጣም አረጀ። በደሴታችን እሱ ያልነካው በር ወይም መስኮት ያለው ቤት ጥቂት ነው። ገቢ የማሳወቂያው ጊዜ ሲደርስ ከሁሉ ቀድሞ ይጨርሳል። «ልጃችን በነፃ ተምራለች፣ የዳሌዬንም አጥንት በነፃ ቀይረውልኛል። የቄሳርን ለቄሳር» ይላል። ወዲያው ደግሞ፣ «ቄሳር ግን እንዲህ በላተኛ አልነበረም» ብሎ ይጨምርበታል።

ቤታችን የሣር ክዳን ነው። ክዳኑ ራሱ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ አናቱ ላይ የሚደረበው ገለባ ግን ቶሎ ስለሚበሰብስ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ አለበት። በደሴታችን ይህ የደቦ ሥራ ነው። ጎረቤታችን ኤስከ ገለባውን ከእርሻው በትራክተር ያመጣል፤ ወንዶቹ ይወጣሉ፤ ባለቤቱ ያበላል፣ ቢራ ያጠጣል። ሥራው ሲያልቅ ጣሪያው አናት ላይ የቅጠል አክሊል ይሰቀላል። ባለቤቱ ሳያበላ ከቀረ በአክሊሉ ፈንታ አሮጌ መጥረጊያ ይሰቅሉበታል። መጥረጊያ የተሰቀለበት ቤት ያየሁት በልጅነቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የዚያ ቤት ሰዎች እስከ ዛሬ ይታማሉ።

ኤስከ ለገለባው ምንም ጠይቆ አያውቅም። መስኮቱ ሲላላ ቪላስ ሄዶ ይጠግንለታል። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ቦዲል ደግሞ፣ ጡረታ የወጣች ፀጉር አስተካካይ ናት፣ የቪላስን ፀጉር ወጥ ቤቷ ውስጥ ትቆርጥለታለች፤ እሱ መቀሷን ይስልላታል። ማን ይበልጥ እንደሰጠ ማንም አስቦት አያውቅም።

አንድ ጸደይ ሬዲዮው፣ ግብር ቢሮ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሠራውን ሥራ ሊቆጣጠር ነው አለ። ሰው ሁሉ ሬዲዮውን ዘጋ። ቪላስ ስልኩን አነሳ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ልጠይቅ ነዋ። ሰው የማያውቀውን ይጠይቃል።»

ወረፋው ረጅም ነበር። የሚያሰሙትን ሙዚቃ እየሰማ ድንቹን ላጠልኝ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት አነሳች፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ጎረቤቴ ገለባ ይሰጠኛል፣ እኔ መስኮቱን እጠግንለታለሁ። ይኼ ያስገብራል?» አላት።

«ልውውጥ ከሆነ ያስገብራል። ሁለታችሁም የተቀበላችሁትን በገበያ ዋጋ ማሳወቅ አለባችሁ።»

«ገለባውን ባይሰጠኝም መስኮቱን እጠግንለት ነበር እኮ።»

«ታዲያ ገለባውን ለምን ይሰጥዎታል?»

«ጣሪያዬ ስለሚያፈስ ነዋ።»

ልጅቷ ስትጽፍ ተሰማን። «የጎረቤትዎን ስም ይነግሩኛል?»

እጄን አወዛወዝኩለት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፤ የኤስከን ስም ከነቤቱ ቁጥር ነገራት። ሲዘጋ ደስ ብሎታል። «ጨዋ ልጅ ናት» አለኝ።

ወር ሳይሞላ ኤስከ መጣ። ሁልጊዜ ሳያንኳኳ ገብቶ ወንበር የሚስበው ሰው ያን ቀን ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ቪላስ፣ ጤነኛ ነህ አንተ?»

«ምን ሆንክ?»

«ግብር ቢሮ ደወለልኝ። እስከ ዛሬ ለማን ስንት ነዶ እንደሰጠሁ ይጠይቁኛል። እኔ ለላሞቼ የሰጠሁትን አላውቅ።»

«እኔ የጠየቅሁት ስለ ሕጉ ነው።»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። የሰረቀ ሰው ይደበቃል፤ አንተ ሳትሰርቅ ሄደህ ተናዘዝክ። መናዘዝህስ ይሁን፣ የኔን ኃጢአት ምን አስነገረህ?»

«ኃጢአት ካልሆነ ምን ያስፈራሃል?»

«ወረቀቱ» አለ ኤስከ። «የሚመጣብኝ ወረቀት ነው የሚያስፈራኝ።» ዞሮ ሄደ።

ወሬው ደሴቲቱን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀም። ቪላስ ሱቅ ሲገባ፣ «ዝም በሉ፣ ግብር ቢሮ መጣ» ይሉ ጀመር። ቀልድ ነው፤ ግን እውነትም ዝም ይላሉ። እሱ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ሕጉን እፈጽማለሁ ብሎ እየዞረ ዋጋ ይጠይቃል። ቦዲልን፣ «ፀጉሬን የምትቆርጪልኝን ስንት ልበለው?» አላት።

«ምኑን ስንት?»

«በገበያ ዋጋ።»

«እየተቆረጥክ የምታወራውን ስሰማ መዋሌስ? ለሱም ካሳ አለኝ? ሂድ ወዲያ። ከእንግዲህ ግብር ቢሮ ይቁረጥልህ።»

በጋው ሲያልፍ ፀጉሩ ጆሮውን ሸፈነ። የጣሪያው አናትም ተከፈተ። መኝታ ቤታችን ባልዲ አስቀመጥኩ፤ ቪላስ ዓይኑን ገልጦ ጠብታውን ያዳምጣል። የሣር ክዳን የሚሠራ ድርጅት ጠየቅን። ዋጋውን ሲነግሩን ሳቀ፤ የሚያስቅ ሳቅ አልነበረም።

«ከተገበረበት ጡረታዬ አውጥቼ ከነታክሱ ልከፍለው። እሱም ከተቀበለው ላይ ሊገብር። አንድ ጣሪያ ስንት ጊዜ ይገበርበታል?»

የመኸሩ ማዕበል እየቀረበ ነበር። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል ብሎ መሰላል መውጣት ከልክሎታል። አንድ ጠዋት መሰላሉን ከዕቃ ቤት አውጥቶ ሲያጥብ አየሁት። ለምን እንደሚያጥበው ገባኝ። ጎረቤት ካልመጣ ራሱ ይወጣል፤ ከወጣ ደግሞ በእግሩ አይወርድም።

«ኤስከን ጥራው» አልኩት።

«እንዴት ብዬ? ሕግ ጥሼ?»

«እንግዲያው ያችን ጨዋ ልጅ ጠይቃት።»

በንዴት ነበር ያልኩት። እሱ ግን ደወለ። አሁን ያነሳው ወንድ ነው።

«ጎረቤቶቼ ጣሪያዬን ሲሠሩልኝ እናንተ መሐላችን እንዳትገቡ ምን ላድርግ?»

«በምላሹ ምንም የማይጠብቁ ከሆነ ወዳጅነት ነው፤ አይገበርበትም።»

«ምንም ሲባል?»

«ምንም ነዋ። ምንም አይስጧቸው።»

«ምሳስ?»

ሰውየው ሲያመነታ ሰማሁት። «ምሳ... ጠይቄ መልስ ብሰጥዎት ይሻላል። ስምዎን ማን ልበል?»

«አይጠይቁ» አለ ቪላስ ፈጥኖ፣ ስልኩንም ዘጋው። ትንሽ እንደተማረ ገባኝ።

ባርኔጣውን በረጅሙ ፀጉሩ ላይ ደፍቶ ወደ ኤስከ ሄደ። ብቻውን ምን ሊናገር እንደሚችል ስለማውቅ ተከተልኩት። ኤስከ ከበረቱ ደጃፍ ገለባ በመንሽ ያነሳ ነበር።

«ኤስከ፣ ጣሪያዬን እንድትሠሩልኝ ልለምንህ ነው የመጣሁት» አለ ቪላስ። «ብትሠሩልኝ በምላሹ ምንም አላደርግልህም። መስኮትህ ቢወድቅ አላነሳልህም። ምሳ የለም፣ ቢራም የለም።»

ኤስከ መንሹን ግድግዳው ላይ አስደገፈና አየው።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ስጠራ እንዲህ ያለ ግብዣ ደርሶኝ አያውቅም። ቡናስ?»

«ቡናም የለም።»

«ሽንት ቤት?»

ቪላስ አሰበ። እውነቴን ነው፣ ቆሞ አሰበ። «ሽንት ቤት ይቻላል» አለ።

ቅዳሜ መጡ። ምሳቸውንና ቡናቸውን ከየቤታቸው ይዘው መጥተው ግቢያችን ሣር ላይ ተቀምጠው በሉ። ውሃ ሳቀርብላቸው እንኳ፣ «ዶርትያ፣ ይኼ ደረሰኝ አለው?» ይሉኛል። ይሳሳቃሉ። ቪላስ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ቆሞ፣ ሰዎች በሱ ግቢ የራሳቸውን ዳቦ ሲበሉ ያያል። አባቱም አያቱም በዚያ ቤት ሠራተኛ ሳያበሉ ሸኝተው አያውቁም።

ቦዲልም መቀሷን ይዛ መጥታ ነበር። «ና ተቀመጥ፣ ቁጣዬ አልፏል። ምላሽም አልፈልግም» አለችው።

«ጣሪያውን ግድ ሆኖብኝ ነው የተቀበልኩት። ፀጉር ግድ አይደለም። መቀስሽን ሳልስልልሽ አልቆረጥም።»

«ሳለዋ እንግዲያ።»

«ልውውጥ ይሆናል።»

ቦዲል እኔን አየችኝ። መቀሷንም ወደ ኪሷ መለሰች።

አመሻሽ ላይ ሥራው አለቀ። ኤስከ በአክሊሉ ፈንታ አሮጌ መጥረጊያ ሰቀለ፤ ወንዶቹ አጨበጨቡ። ቪላስ ወጣና ባርኔጣውን አውልቆ ከታች ሲያየው ቆየ። «ደህና ታስሯል» አለ። ሌሊት ግን አልተኛም፤ ጠብታ ሳይኖር ያዳምጥ ነበር።

ማዕበሉ መጣ፣ ሄደ። ባልዲውን ወደ ዕቃ ቤት መለስኩት።

የካቲት ላይ ቪላስ ተኝቶ ሳለ አረፈ፤ አልጋው ደረቅ ነበር። ረፋዱ ላይ ቦዲል መቀሷን ይዛ መጣች። አልጠራኋትም።

«አሁን ምንም ሊመልስልኝ አይችልም» አለች። «የሚደውል ካለ እንዲያ በይው።»

ፎጣ ሰጠኋት፤ ራሱን ቀና አድርጌ ያዝኩላት። ፀጉሩ ትከሻው ደርሶ ነበር። ብዙ ቆየንበት። መቀሱ ደንዝዞ ፀጉሩን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። ከጸደይ ወዲህ የሳለው ሰው አልነበረም።