የዙቤይዳ ጭቃ

የጅሬኗ ሸክላ ሠሪ ፈድሊያ ምላሷ ምላጭ ነው፤ ተረት ስትጀምር ግን ማር ትሆናለች። በ1978 ዓ.ም. እሁድ እሁድ፣ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ከመንደሩ ዳር ባለው ጥብቅ ደን ውስጥ ይከቧታል። እሷ ትተርታለች፤ ልጆቹ ተረቱን በጭቃ ይሠራሉ።

አንድ እሁድ የጅብና የጉሬዛ ተረት ተረተች። የአምስት ዓመቷ ዙቤይዳ ግን ሰው ሠርታ አመጣች፤ አንድ እግሩ ጫማ አለው፣ ሌላው ባዶ ነው።

«አንቺ! እኔ መች የሰው ተረት ነገርኳችሁ?» ብላ ተቆጣቻት።

«አዴ፣ ያ ከኋላዎት ከዛፉ ሥር ቆሞ የሚሰማዎት ሰውዬ ነው።»

ፈድሊያ ወደ ዛፉ ለመዞር አልደፈረችም። ልጇን አብዱልሰመድን መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከቤቷ ከወሰዱት ስምንት ዓመቱ ነው። ሲጎትቱት ደጃፏ ላይ የወለቀውን አንድ ኮንጎ ጫማ አልጋዋ ሥር ደብቃ ማኖሯን ለፍጡር ተናግራ አታውቅም።