አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ የተናገሩት

ታናሽ ወንድሜ በሬ ሊሸጥ ወደ እብናት ሲወርድ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። የላኩት አባቴ ነበሩ። ከተዝካሩ በኋላ ሞፈር አልነኩም። ገብሱን አረም ዋጠው፤ እሳቸው ግን ጠዋት ደጃፍ ከተቀመጡ እስኪመሽ አይነሱም። እናቴ ጠበል ይዛቸው ሄደች፤ ሁለት ሱባዔ ቆይተው እንደሄዱ ተመለሱ። አንድ ቀን ጎረቤት ከገደሉ አፋፍ ቆመው አግኝቶ እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ያን ቀን እናቴ ደወለችልኝ።

"አባትሽን ነይና ውሰጃቸው። እኔ መጠበቅ አቃተኝ።"

እኔ ደብረ ታቦር አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። አመጣኋቸውና ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የጤና መድን ደብተር ስላላቸው ካርዱም መድኃኒቱም አላስቸገረንም። ያስቸገረን የአእምሮ ሕክምናው ክፍል ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለት ባለሙያዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያክማሉ፤ በሩ አይዘጋም፤ ተራ ጠባቂው ውስጥ ድረስ ገብቶ ይቆማል። የእኛን ካርድ የያዘው ወጣት ትሑት ሰው ነበር። ምን እንደሚሰማቸው ሲጠይቃቸው "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አሉት። እንቅልፍም ደህና፣ ምግብም ደህና። ከኋላቸው የአገራችን ሰው ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

ሦስት ወር ተመላለስን፤ ሦስቱንም ጊዜ ደህና ነኝ አሉ። በመጨረሻ ወጣቱን ለብቻው አግኝቼ፣ አባቴ የሚያስፈልጋቸው በሩን ዘግቶ የሚያዳምጣቸው ሰው መሆኑን ነገርኩት። እሱም ያውቀው ኖሯል። ጊዜም ክፍልም እንደሌለው ነግሮኝ፣ ባሕር ዳር በግል ክሊኒክ የምትሠራ ሐኪም ጠቆመኝ። መድኑ እዚያ እንደማይሠራም አልደበቀኝም። መጀመሪያ እዚሁ ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት አለ ሲባል ሰምቼ ሄድኩ፤ ለተማሪ ብቻ ነው ተባልኩ።

ደሞዝ በወጣ ሰሞን ባሕር ዳር ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ ጠና ያለች ሴት ናት። እኔን ውጭ አስቀምጣ በሩን ዘጋችው። ቃሉ አይሰማም፤ ድምፁ ግን የአባቴ ነበር፤ ሳያቋርጡ ይናገራሉ። ከወንድሜ ሞት ወዲህ ያን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሲወጡ ፊታቸውን በጋቢያቸው ይጠርጉ ነበር።

"ገና መጀመራቸው ነው" አለችኝ ሐኪሟ። "ለጥቂት ወራት በየሳምንቱ ይምጡልኝ።"

ሳላፍር አቅሜን ነገርኳት። ከክፍያው የራሷን ድርሻ ቀነሰችልኝ፤ ቢሆንም የሁለት ሰው መሳፈሪያ ተጨምሮ በየሳምንቱ የሚቻል አልነበረም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ሐሙሲት ላይ ሰው ሊጭን ቆመ። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ ያችን ሴት መቼ ነው የምናገኛት?"

"በቅርቡ፣ አባየ" አልኳቸው።

በሳምንቱ ገላቸውን ታጥበው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ጠበቁኝ። ፈተና ላይ ነን አልኳቸው። በሚቀጥለውም ሳምንት ፈተናው እንዳላለቀ ነገርኳቸው። ሐኪሟን በስልክ እንድታነጋግራቸው ለመንኳት፤ እሺ ብላ ደወለች። አባቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እሷንም ደህና ነኝ አሏት። ከግድግዳው ማዶ አከራዬ ነበረች። ከዚያ በኋላ ስለ ሐኪሟ አልጠየቁኝም። አንድ ቅዳሜ ግን እንዲህ አሉኝ፦

"ወደ ቤቴ መልሺኝ። አንቺም ኑሮ አለሽ።"

መለስኳቸው። መሬቱን ሌላ ሰው ምርቱን እኩል ሊካፈል ያርሰዋል። መድኃኒቱን በየወሩ እልካለሁ፤ ይዋጡት አይዋጡት እናቴም አታውቅም። ባለፈው ክረምት ስሄድ ለሐኪሟ የነገሯትን ለእኔም እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። "አንቺማ እህቱ ነሽ" አሉኝ። ተነሥተው ወጡ። እናቴ ተከትላቸው ሄደች፤ አሁን ለብቻቸው አትተዋቸውም።