በማኅበርተኞቼ ደረት ላይ ያየሁት ማልያ

ማልያውን በማኅበር ወንድሜ ደረት ላይ ሳየው መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ይህን ሳልሸሽግ መጻፍ ይገባኛል። ዕለቱ ከወሩ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የሚካኤል ማኅበራችን ጽዋ የሚጠጣበት ነበር። ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሹፌር፣ ከመካከላችን ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ በተረኛው ቤት ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀኝ ኖሮ ገና ሲያየኝ ነጠላውን ከደረቱ ላይ ገለጠ።

«የኔታ፣ እስቲ ይዩኝማ! ከዛሬ ጀምሮ የልጅዎ ደጋፊ ነኝ። ሽማግሌ አጥቂ ካስፈለጋቸው ደግሞ ጉልበቴን ታሽቼ እገባለሁ!»

አረንጓዴው ማልያ ሆዱ ላይ ተወጥሯል። ልመርቀው እጄን ዘርግቼ ሳለሁ ዓይኔ በአንገቱ ዙሪያ ላይ ዐረፈ፤ እጄም እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«ልጅዎ» ያላት የልጄን ልጅ ነው። ሲኤምሲ፣ በእናቷ ቤት አብረን እንኖራለን። ኳስ ተጫዋች እሆናለሁ ባለች ጊዜ ዓመት ሙሉ ተቆጥቻታለሁ። እኔ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሴት ልጅ ቁምጣ ለብሳ በሜዳ ስትሮጥ ለማየት ልቤ አልፈቀደም ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ የማንም ክርክር አይደለም። እኔ ኪዳን ላደርስ በጎሕ ስወጣ እሷ ለልምምድ ትወጣለች፤ በየማለዳው በበሩ ላይ እንገናኝ ነበር። በሐምሌ ጭቃም ሆነ በኅዳር ብርድ አንድም ቀን ስትቀር አላየኋት። ስለ ትምህርቱ ብሎ እንዲህ የሚተጋ ሰው ከቅኔ ቤት ወዲህ አላጋጠመኝም ነበርና አንድ ማለዳ «ሂጂ፣ እግዚአብሔር ይርዳሽ» አልኋት።

እሷና ጓደኞቿ የሚጫወቱበት ቡድን ከኋላው ባንክም ፋብሪካም የለውም። ጨዋታው ክፍለ አገር ሲሆን አውቶቡስ የሚከራዩት እንደ ምንም ብለው ነው። በዚያ ዓመት አንድ ጊዜ መጓጓዣ አጥተው ቀርተው ነበር፤ ሁለተኛ ቢቀሩ ከውድድሩ እንደሚሰረዙ ተነግሯቸዋል። ስለዚህ ልጆቹ ራሳቸው መከሩና የቡድኑን ማልያ አሰፍተው ለደጋፊ ለመሸጥ ወሰኑ። አንድ ከሰዓት በኋላ የልጄ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ይዛ መጣች።

«አባባ፣ በብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሣለውን ሐረግ ይሣሉልኝ። ለማልያው አንገት ነው። ማንም ቡድን የሌለው ነገር ይኑረን።»

በወጣትነቴ ከአንድ ቁም ጸሐፊ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ተቀምጬ ስለ ነበር እጄ አልረሳውም። እየሣልሁ፣ እየፋቅሁ፣ በሦስተኛው ቀን ሰጠኋት። ሾላ ገበያ አጠገብ ያለች ልብስ ሰፊ በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ በቢጫ ክር አወጣችው። የመጀመሪያዎቹ ማልያዎች ፈጥነው ተሸጡ። ከዚያ ግን ገበያው በአንድ ሳምንት ውስጥ ጸጥ አለ፤ ካርቶኖቹም በእኛ ቤት ሳሎን ተደርድረው ቀሩ። ምክንያቱን አላወቅንም ነበር።

በሹፌሩ አንገት ላይ አወቅሁት። በእውነተኛው ሐረግ አንዱ መስመር በሌላው ላይ ያልፋል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ይገባል፣ ዞሮም ከተነሣበት ይገናኛል። በዚህኛው ላይ ግን መስመሮቹ እርስ በርሳቸው ተጨፍልቀው ከአገጩ ሥር ድንገት ተቆርጠዋል። የቀዳው ሰው ፎቶ አንሥቶ አሳተመው እንጂ ምን እንደሚቀዳ አላስተዋለም።

«ከየት ገዛኸው?» አልሁት።

«ከራሳችን ሰው ነዋ! ከውጭ ማን ይገዛል?»

ገባሁ። ከማኅበርተኞቹ ሰባቱ ያንኑ ለብሰው፣ ነጠላቸውን ደርበው፣ ንፍሮ እየቆረጠሙ ይጠብቁኛል። ሊያስደስቱኝ ነበር። ቦሌ የልብስ ሱቅ ያለው ማኅበርተኛችን ከመካከላቸው ተቀምጧል፤ ከወንበሩ ሥር የተረፈውን ማልያ የያዘ ትልቅ ጥቁር ፌስታል አለ።

«እነዚህን አንተ ነህ ያሠራሃቸው?»

«እኔ ነኝ የኔታ። እንዴት ነው፣ አላማረም?»

«ልጆቹን አስፈቅደሃል?»

«የኔታ ደግሞ! ለጨርቅ ምን ፈቃድ ያስፈልገዋል? ያስተዋወቅኋቸው እኮ እኔ ነኝ። በፊት ማን ያውቃቸው ነበር? አሁን ቦሌን ከላይ እስከ ታች ቢሄዱ አረንጓዴ ነው።»

«ከዚያ ሁሉ አረንጓዴ ለልጆቹ የደረሳቸው ምንድን ነው?»

«ዝና!» አለ ሹፌሩ፣ ሊያስቅ ፈልጎ። የሳቀለት አልነበረም።

ነጋዴው ግን ቶሎ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። «ቆይ የኔታ» አለ፤ «ልጅቷ ሕፃን ሳለች ያን የእንግሊዞቹን ቀይ ማልያ ማን ገዛላት? ሾላ ገበያ አብሬዎት ነበርሁ። ያም ፎርጅድ ነበር። ያኔ እንግሊዝ አገር ደብዳቤ ጽፈው አስፈቀዱ?»

አሁን ቤቱ በሙሉ ሳቀ። የተናገረው እውነት ነበር።

«አላስፈቀድሁም» አልሁት። «ያም ስርቆት ነበር። ባለቤቱን ስለማላውቀው ቀለለኝ እንጂ ስርቆትነቱን አላጣም። አንተ ግን ባለቤቷን ታውቃታለህ። ክርስትና ስትነሣ ዳቦ ከቆረሱላት ሰዎች አንዱ ነህ።»

ሳቁ ቆመ። እኔ ግን በነጋዴው ላይ ብቻ አልነበረም የተቆጣሁት፤ ይልቁንም በሰባቱ ላይ ነበር። ለዚህም ምክንያት አለኝ። ቅኔ ቤት ሳለሁ፣ ቅኔ መቍጠር ባቃተኝ አንድ ሳምንት፣ ለምኜ ያገኘሁትን ቁራሽ ለአንድ ጎበዝ ተማሪ ሰጥቼ እሱ የቈጠረውን ተቀበልሁ፤ በመምህሬም ፊት የራሴ አድርጌ ተናገርሁት። መምህሬ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ፍታው» አሉኝ። መፍታት አልቻልሁም። ሻጩ እንደሚደበደብ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ። «እሱ ርቦት ሸጠ። አንተ ምን ሆነህ ገዛህ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ተግሣጽ ሰምቻለሁ፤ እንዲያ ያለ ግን አልሰማሁም።

ስለዚህ ሰባቱን አንድ በአንድ እያየሁ «እሱስ ነጋዴ ነው፤ እናንተ ምን ሆናችሁ ገዛችሁ?» አልኋቸው።

የመለሱልኝ አንዲት ባልቴት ብቻ ናቸው። ጎመንና ድንች ቸርችረው የሚያድሩ ሴት ናቸው።

«እኔ ፎርጅድ መሆኑን ዐውቄ ነው የገዛሁት፣ አልዋሽም» አሉ። «ኦርጅናሉን ልጅቷ አሳይታኝ ነበር፤ አቅሜ አልደረሰም። ሁሉም ለብሶ ሲመጣ እኔ ብቻ ምን ብዬ ልቅር?»

«እትዬ፣ ማልያ እኮ እንጀራ አይደለም» አልኋቸው። «ባይለብሱት አይራቡም፣ አይበርድዎትም። በነጠላዎ መጥተው ቢያጨበጭቡላት አንዳች አይጎድልባትም ነበር። ይህን ሲገዙ ግን ጎደለባት።»

ባልቴቷ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ቃሌን ዛሬም አልመልሰውም፤ ድምፄ ግን ማረፍ የነበረበት በሌላ ሰው ላይ ነበር። ከእሳቸው ቀጥሎ፣ በግቢው ሁለት መኪና የሚያቆም ሰው፣ ያንኑ ማልያ ለብሶ አንገቱን ደፍቶ ነበር። እውነተኛውን ለመግዛት ቦሌ ካፌ ቤተሰቡን አንድ ምሳ ከሚጋብዝበት የበለጠ አያወጣም። እሱ የገዛው አቅም አጥቶ አይደለም። ርካሽ ሆኖ ስላገኘው ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያሰበው ነገር የለም። በልቤ የሚነደው ይህ ነው። ድኻው ሲሰርቅ እንሰብካለን፤ ባለጸጋው ሲያተርፍ ብልጥ ነው እንላለን። በዓቢይ ጾም ወተት የነካው ብርጭቆ ታጥቦ እንደሆነ ደጋግሞ የሚጠይቅ ሰው፣ የለበሰው ልብስ ከማን ጉሮሮ እንደ ተነጠቀ ለአንድ ጊዜ እንኳ አይጠይቅም። «አትስረቅ» የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ በቃላችን ይዘናል፤ ሌላው ከሰረቀ በኋላ በቅናሽ መግዛት ግን ከቃሉ ውጭ የተፈቀደልን ይመስል!

ይህን እየተናገርሁ ሳለሁ የልጄ ልጅ ልትወስደኝ መጣች። የልምምድ ቦርሳዋን እንዳነገተች ከደጅ ስትታይ ሁሉም ተነሡ።

«ጀግናችን መጣች!» አለ ሹፌሩ። «ነይ መሐላችን ግቢ፣ ፎቶ እንነሣ!»

ስልኮች ወጡ። ልጅቷ ማልያውን አየች፤ ከእኔ ይልቅ ፈጥና እንደ ለየችው ከፊቷ ዐወቅሁ። ቢሆንም የባልቴቷን ጉልበት ሳመች፣ በመካከላቸው ቆመች፣ ፈገግም አለች። እኔ ከፎቶው ውጭ ቀረሁ።

የማኅበሩ አለቃ፣ በእኛ ሥርዓት ሙሴ የምንለው፣ ነገሩን ሊያበርድ ፈልጎ «ልጄ፣ የኔታ ተቆጥተውናል፤ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት።

«አማረባችሁ» አለች። «ግን የትኛውን ጨዋታ ልትደግፉን ነው? ሐሙስ ወደ ሐዋሳ አንሄድም። አውቶቡሱን መከራየት አልቻልንም። ማልያው ቆሟል፣ የሚገዛው የለም። ዛሬ አሠልጣኛችን ትጥቅ አስረክቡ ብሎን ነው የመጣሁት።»

ነጋዴው ከወንበሩ ብድግ አለ። «አሁኑኑ እናዋጣ! ምንድን ነው እሱ፣ አውቶቡስ አይደል?»

«ጋሼ፣ መሄዳችንን ማሳወቅ የነበረብን እስከ ዛሬ ጧት ነበር። ተሰርዘናል።»

አላለቀሰችም። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችው፤ ያን ጊዜ ባዶ መሆኑን አየሁ።

ሙሴው እንደ ሥርዓታችን ቆመ። በመካከላችን ቂም የያዘ ሰው ካለ ጽዋው አይዞርም። «ይቅር እንባባል» አለ። ነጋዴው ወደ ልጅቷ ዞሮ «ለክፉ አላሰብሁም ልጄ፣ ይቅርታ» አላት፤ እሷም «ችግር የለም ጋሼ» አለችው። ሙሴው ወደ እኔ ተመለከተ። እኔ ግን ነጋዴው ይቅርታ እየጠየቀ ሳለ ፌስታሉን በተረከዙ ከወንበሩ ሥር ወደ ውስጥ ሲገፋው አይቻለሁ።

«ያን ምን ታደርገዋለህ?» አልሁት።

«የቱን?»

«ፌስታሉን።»

«የኔታ፣ ገንዘብ ወጥቶበታል እኮ! ሱቅም ገና ሞልቷል። እንግዲህ ልጣለው?»

ጽዋው ወደ እኔ ሲመጣ እጄን አልዘረጋሁም። በዚያ ማኅበር ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። መቋሚያዬን አንሥቼ ከልጅቷ ጋር ወጣሁ። ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው፤ ቂም ይዤ እንዳልቆይ መከሩኝ፤ እየታገልሁት ነው። ቡድኑን ያፈረሰው ማልያ ብቻ አይደለም የሚሉኝም አሉ፤ ከጥንቱም አቅም አልነበረውም ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ይዘውት የነበረው ገመድ ግን ያ ነበር፤ እሱን ማን እንደ ቆረጠው ዐውቃለሁ።

ሐሙስ ማለዳ ለኪዳን ስወጣ በበሩ ላይ ማንም አልነበረም። ልጅቷ ፀሐይ ሞቆ እስኪረፍድ ተኝታ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለዓይን ሕክምና ቦሌ ሄድሁ። ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር የመንገድ ዳር ሻጭ ልብሱን ዘርግቷል፤ አረንጓዴው ማልያ በአጥሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰቅሏል። ጥሩ የለበሱ ወንድና ሴት ቆመው ያዩታል።

«የየትኛው ቡድን ነው?» ብላ ሴቲቱ ጠየቀች።

«የሴቶቹ ነው እህቴ፣ አሪፍ ቡድን ነው! በጣም እየተሸጠ ነው» አላት ሻጩ።

«ልጄ» አልኋት ቀረብ ብዬ፤ «እንዲህ የሚባል ቡድን አሁን የለም። ፈርሷል። የፈረሰውም ሰው ከልጆቹ መግዛት ትቶ ይህን ስለ ገዛ ነው።»

አብሯት የቆመው ወጣት በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብሎ «እሺ አባቴ፣ ይለፉ» አለና መንገድ ለቀቀልኝ። ወዲያው ወደ ሻጩ ዞሮ «ላርጅ አለህ?» ሲል ሰማሁት። ሐኪሙ ዘንድ የደረስሁት ተራዬ ካለፈ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እዚያው አጥር ሥር ቆሜ ለመጣው ሁሉ ያንኑ ቃል ስናገር፣ ሻጩም «አባቴ በእመቤቴ፣ ገበያዬን አይዝጉብኝ» እያለ ሲለምነኝ ነበር።