የፊት ወንበር

ፌስቲ በሰው መሬት አይቀናም፣ በሰው ከብትም አይቀናም። ሚስቱ አትራክታ በሌላ ሰው መኪና የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ሲያይ ግን ጥርሱን ያፋጫል። የእኔ መጠጥ ቤት መታጠፊያው ላይ ስለሆነ፣ መስኮቴም ሰፊ ስለሆነ፣ የዚህን ሰው ቅናት ከጅምሩ ጀምሮ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

እውነቱን ልናገርና እኔም ቀንቻለሁ። የቀናሁት በአትራክታ ነው። ስልሳ ሊሞላት ምንም አልቀራትም፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ሾርባዋ ጨው የለውም፤ ሆኖም ወንድ በእሷ የተነሳ እንቅልፍ ያጣል። በእኔ የተነሳ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢኖር የቢራ አከፋፋዩ ብቻ ነው።

ፌስቲ ከሐይቁ ማዶ በግና ጥጃ ያረባል። በእኛ በሮስኮመን ገጠር እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዱ ወደ እኔ ይመጣል፣ ሴቱ ሱቅ በር ላይ ወሬውን ይጨርሳል። ፌስቲ ሁለት ጃምቦ ጥቁር ቢራ ይጠጣል፤ ሦስተኛ ጠይቆ አያውቅም። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ዘፈን ይዘፍናል። እኛ ጋ ጥሩ ዘፋኝ የመጨረሻዋን ቃል አይዘፍናትም፣ እንደ ተራ ወሬ ተናግሯት ይቀመጣል። ፌስቲ ግን እሷንም አይናገራትም፣ ውጧት ይቀመጣል። ከዚያ ቁልፉን ያነሳና አትራክታን ከተማው ሆቴል ወደሚደረገው የከሰዓት ዳንስ ይወስዳታል።

አንዳንዴ አትራክታ በበሩ ብቅ ብላ «ዛሬ እንኳ እኔ ልንዳ» ትለዋለች። ትራክተር ስትነዳ ያደገች ሴት ናት፤ መንጃ ፈቃዷም ከእሱ ይቀድማል።

«ሚስቴ የምትነዳኝ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ስገባ ነው» ይላታል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እሷ አትስቅም።

ከዚያ ዋና ከተማችን ደብሊን የተቀመጡት ሹማምንት ሕጉን ዝቅ አደረጉት። በሹፌር ደም ውስጥ የሚፈቀደው አልኮል ከሰማንያ ሚሊግራም ወደ ሃምሳ ወረደ። በድሮው ሕግ የፌስቲ ሁለት ጃምቦ ያሳልፈዋል፤ በአዲሱ ሁለተኛዋ ጃምቦ ወንጀል ሆነች። ቤቴ ውስጥ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበረም።

«በሁለት ጃምቦ ማን ሞተ? አንድ ሰው ጥሩልኝ!» ይላል ፌስቲ ባንኮኒውን እየደበደበ። «ሰው የሚገድለው አሥር ጠጥቶ የሚበር ጎረምሳ ነው። እሱ እንደሆነ ሰማንያውንም አልሰማም፣ ሃምሳውንም አይሰማም! ሕጉ የያዘው እኛን ነው።»

እኔም ልክ ነህ አልኩት። ምን ልበል፤ ቢራ ነው የምሸጠው።

አትራክታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ስማኝ ፌስቲ፣» አለችው፣ «ሁለት ስትጠጣ የድልድዩን ኩርባ እንደ ዘፈንህ ነው የምትጨርሰው። መጨረሻውን ትውጠዋለህ። ወይ አትጠጣ፣ ወይ ቁልፉን ስጠኝ።»

አንዱንም አልመረጠም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በሚቀጥለው እሁድ አትራክታ የማላኪ መኪና ውስጥ ገባች። ማላኪ ሚስት አላገባም፣ መጠጥ አይቀምስም፤ ኮቱ ላይ የልብ ምስል ያለባትን ትንሽ ፒን ይሰካል። እኛ ጋ ያቺን ፒን የሚሰካ፣ ዕድሜ ልኩን መጠጥ ላይነካ በቄስ ፊት የማለ ሰው ነው። ለአርባ ዓመት ስንስቅበት ኖርን፤ ሠርግ ላይ ሻይ የሚጠጣ ወንድ! ሕጉ በወጣ ማግስት ግን በሰበካው የሱን ያህል የሚፈለግ ጠፋ። ሁለት ባልቴት እህትማማቾች ከኋላ ይቀመጣሉ፤ አትራክታ መኪና ስለሚያዞራት ከፊት። ማላኪ በር ከፍቶ ያስገባታል። ከረሜላ ያቀርብላታል። ሆቴልም ሲደርሱ ቫልሱን ከእሷ ጋር ይደንሳል።

ፌስቲ መስኮቴ ሥር ተተከለ። ቢራው አረፋው እስኪጠፋ አይነካውም።

«ዲምፕና፣» ይለኛል፣ «ከፊት ነው የተቀመጠችው?»

«ከፊት ነው።»

«ሳቀች እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ! ጥርሷን ልቁጠርልህ?»

«ስቃለች» ይላል። «ከእኔ ጋር ስትሄድ መንገዱን ነው የምታየው። ከሱ ጋር ትስቃለች።»

እንዲህ እያለ ሁለት ወር ከረመ። ከዚያ አንድ እሁድ ኮቱ ላይ ፒን ሰክቶ ገባ። የሟች እናቱ ፒን መሆኗን ያኔ ማን ያውቃል? ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ሳይምል ሳይገዘት፣ ሰክቷት መጣ። ሚስቱን ወደ ወንበሯ ለመመለስ ነው ያሰባት፤ ያላሰበው የቀረውን ነው። ባንኮኒው ላይ ክርኑን አሳርፎ «እንደተለመደው» ሊል አፉን ሲከፍት እኔ ሻይ አስቀመጥኩለት። ፒን ላለው ሰው አይጠየቅም፣ ሻይ ይቀርባል። ሻዩን ያየበት ዓይን! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። በሰበካው ውስጥ አንዲት ጠብታ የሚቀዳለት ሰው አጣ።

አትራክታ ግን ለእሷ ሲል የማለ መሰላት። በሰው ፊት ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ ከሠርጋቸው ወዲህ እንዲያ ስታደርግ አላየሁም። እኔም ብርጭቆዬን ማጠብ ቀጠልኩ። ቀጣዩ እሁድ መጥቶ የፌስቲ የፊት ወንበር ሞላ፤ መኪናው ስለሚሰፋ ባልቴቶቹም ወደሱ ዞሩ። ማላኪ «ለአንድ ሰው መኪና ማስነሳት ኃጢአት ነው» ብሎ ብስክሌቱን አወጣ። አልተቀየመም። እንዲያውም «እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ» ብሎ ፌስቲን አቀፈው።

ቅናት ግን ወንበር ስላገኘ አይጠግብም። አንድ እሁድ ሊሄዱ ሲሉ አትራክታ ጫማዋን እያሰረች «ማላኪ የዛሬውን ቫልስ አደራ ብሎኛል» አለች። ፌስቲ ጥጆቹን ልይ ብሎ ጋጣ ገባ። ከመኖ ጆንያው ጀርባ የደበቃትን ቢራ አወጣና ሁለት ጠርሙስ ገለበጠ። ከዚያ አፉን በከረሜላ ሞላው። እሷም ከረሜላ ሲሰጣት ከማላኪ የተማረ መስሏት ደስ አላት።

ድልድዩ ላይ ኩርባውን ዋጠው። ማላኪ ጥጉን ይዞ ብስክሌቱን እየነዳ ነበር። መኪናው የኋላ ጎማውን ሲመታው ሰውዬው በአጥሩ ላይ አልፎ ቦይ ውስጥ ወደቀ።

የዚያን ቀን ወሬ የሰማሁት እዚያ ከነበሩት ሁሉ ነው፣ የሁሉም አንድ ነው። ከጣቢያው አንድ ወጣት ፖሊስ የትንፋሽ መመርመሪያውን ይዞ መጣ፣ የፌስቲን ፒን አየና ንፋ ለማለት አፈረ። ቦይ ውስጥ ትከሻው ተሰብሮ ጭቃ ለብሶ የተኛው ማላኪ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ተወው ልጄ። ፒኑን አታይም? የማይጠጣ ሰው ነው። መሃል መንገድ የገባሁት እኔ ነኝ።»

ፖሊሱ እጁን አወረደ። አትራክታ ከማላኪ አጠገብ ተንበርክካ ነበር፤ ቀና ብላ ባሏን አየችው። አፉ ውስጥ ከረሜላው ጥርሱን ሲመታ ይሰማል።

«ዲምፕና፣» አለኝ በኋላ፣ «ያን ቅጽበት የቀናሁትን ያህል በዕድሜዬ አልቀናሁም። ቦይ ውስጥ ወድቆ እንኳ በለጠኝ!»

ከረሜላውን ተፋው። ፒኗን ነቀለና ለአትራክታ ሰጣት። «አምጣ መመርመሪያህን፣ ልንፋበት» አለው ፖሊሱን።

ደሙ ሲመረመር ስልሳ አንድ ሆነ። በድሮው ሕግ ቢሆን ከጣቢያው ንጹሕ ነህ ተብሎ ይወጣ ነበር። ፍርድ ቤቱ መንጃ ፈቃዱን ወሰደበት። ሕጉ የአገሩን መንገድ አሻሽሎ እንደሆነ የሚከራከሩ ዛሬም ቤቴ አይጠፉም፤ እኔ ግን ልክ ነህ ማለት ትቻለሁ። አትራክታ አንድ ወር ሙሉ አላናገረችውም።

ባለፈው እሁድ በመስኮቴ አየኋቸው። መሪውን የያዘችው አትራክታ ናት። የማላኪ ክንድ በጨርቅ ታስሮ ስለተንጠለጠለ ቦታ ይፈልጋል፤ ከፊት ተቀምጧል። ፌስቲ ከኋላ በሁለቱ ባልቴቶች መሃል፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር አጥፎ፣ ያንዷን ቦርሳ ታቅፏል። ሬሳ ሳጥን ይሻለው ነበር። አትራክታ የሆነ ነገር አለች፣ ማላኪም ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ ማላኪ በደህና እጁ ከረሜላ በትከሻው በኩል ወደ ኋላ አሻገረ። ፌስቲ የሚስቱን ጀርባ አየ አየና ከረሜላውን ወሰደ።