የተዘቀዘቀው ነጠላ

«አስራ ሁለተኛ ጨርሰሽ ኮምፒውተር ስለነካሽ፣ እኔን ስለ ነጠላ ልታስተምሪኝ ነው?» አለችኝ አለቃዬ፣ ፊት ለፊት።

ቡራዩ ያለው የሀገር ልብስ ድርጅቷ የምስረታ በዓሉን በመጽሐፍ ሊያከብር ነበር፤ ገጾቹን የማቀናብረው እኔ ነኝ። ለሽፋን የመረጠችው ፎቶ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለዚህ ቤት የሸመኑት ሽማግሌ ሚስት ፎቶ ነው። ፎቶው ያምራል፣ አይካድም። ግን የነጠላው ጥለት አንገቷ ሥር ነው። አዘቅዝቃ ነው የለበሰችው። ልጃቸው በሞተ ሰሞን ዘመድ ያነሳት ነው። እኔ ሰበታ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ስዞር ነው ያደግኩት፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም።

ፎቶውን ከሽማግሌው የተቀበልኩትም እኔው ነኝ። ሌላ ፎቶ የላትም፤ ከሀዘኗ ሳትወጣ እሷም ሞተች። «እንዳለች አስገቢያት» ብለውኛል።

«ሀዘን ላይ ናት፣ እትዬ» አልኩ ደግሜ።

«መጽሐፉ የሚሄደው ለፈረንጅ ደንበኞቻችን ነው፤ ፈረንጅ ምን ያውቃል?»

«የቡራዩ ሰው ያውቃል። ሽፋኑን አይቶ ነፍስ ይማር ነው የሚለው።»

«ከመጽሐፉ ጋር ንፍሮ እናድላለና» አለች ሻጯ ልጅ ከባንኮኒው ጀርባ።

አለቃዬ አልሳቀችም። ፎቶውን አየችው። ልትተወው ነው ብዬ ነበር።

«እንግዲያው ገልብጪው።»

«ምኑን?»

«ጥለቱን ነዋ። ከላይ አጥፊውና ከታች ቀጥዪው። ፊቷንም ፈካ አድርጊው።»

«አልሠራውም።»

«ተዪው። ማተሚያ ቤት ያለው ልጅ ሻዩ ሳይበርድ ይጨርሰዋል።»

እውነቷን ነው። እዚያው ቆሜ እያለሁ ደወለችለት። ቅጂው ኮምፒውተሩ ላይ አለ፤ ዋናውን ፎቶ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ወጣሁ።

ቤታቸው ስደርስ ሽማግሌው ሽመናቸው ላይ ነበሩ። መወርወሪያውን አስቀምጠው ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«ገባች?»

«ገብታለች፣ አባባ።»

«እንዳለች?»

«አይ። ጥለቱን ወደ ታች ሊያዞሩት ነው። ሀዘን ሽፋን ላይ አይወጣም ተባለ።»

ፎቶውን በአውራ ጣታቸው አበሱት። አቧራ አልነበረበትም።

«እሷ ከሀዘን ከወጣች» አሉ፣ «ለልጃችን ማን ቀረለት?»

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«አንቺ አለቃሽን ንገሪያት እስቲ። የተማርሽ ነሽ፣ ትሰማሻለች።»

«ነግሬያት ነው የመጣሁት። ሥራውንም ትቼዋለሁ።»

ፎቶውን ደረት ኪሳቸው ከተቱና መወርወሪያውን አነሱ። አንዴ ወረወሩ፣ ከዚያ አቆሙ።

በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ታክሲ መያዣው ወረድኩ።